ኒድ ፎር ስፒድ ሞስት ዋንትድ፦ የ2005ቱን ነው የምንላችሁ

ደብረ ብርሃን ውስጥ የመኪና ጌም ሊያስጭን ወደ ሱቅ ጎራ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የያዘው ላፕቶፕ አሮጌ ነው፤ ኢንተርኔቱም የሚታመን አይደለም። ለእንዲህ ዓይነቱ ተጫዋች የ2005ቱን ሞስት ዋንትድ የሚያህል አላየንም። 1.4 ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰር፣ 256 ሜጋባይት ራምና 3 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ካገኘ ይነሳል። ዋናውን ታሪክ ለመጫወት ኔትወርክ አያስፈልግም።

ስሙ ግን ያሳስታል። በ2012 የእንግሊዙ ክራይቴሪየን በዚሁ ስም ሌላ ጌም አውጥቷል። እሱ 20 ጊጋባይት ያህል ቦታና ዳይሬክትኤክስ 10.1 የተባለውን የዊንዶውስ ግራፊክስ ሶፍትዌር የሚችል ግራፊክስ ካርድ ስለሚፈልግ አሮጌ ማሽን ላይ አይሞከርም። ከሱቅ ከመውጣታችሁ በፊት የፎልደሩን መጠን እዩ። ከ1 ጊጋባይት በታች ከሆነ ቪዲዮና ሙዚቃው ተቆርጦበታል ማለት ነው። ታሪኩን በቪዲዮ የሚተርኩት እውነተኛ ተዋናዮች ስለሆኑ የተቆረጠውን አትቀበሉ።

የ2005ቱን የሠራው ብላክ ቦክስ የተባለው የካናዳ ስቱዲዮ ነው። በ1998 ቫንኩቨር አካባቢ ተቋቋመ፤ መጀመሪያ ላይ የበረዶ ሆኪ ጌሞችም ይሠራ ነበር። በ2002 የኒድ ፎር ስፒድ አሳታሚ የሆነው ኢኤ ገዛው። በዚያው ዓመት ከኒድ ፎር ስፒድ ጌሞች አንዱ የሆነውን የሆት ፐርሱት 2ን የፕሌይስቴሽን 2 ቅጂ ሠራ፤ የፖሊስ ማሳደድን የተለማመደው እዚያ ላይ ነው። በ2003ና በ2004 የወጡት ሁለቱ የኒድ ፎር ስፒድ አንደርግራውንዶች ደግሞ ፖሊስ የላቸውም፤ ውድድሩ ሌሊት ነው፣ ጣዕሙም መኪና ማስዋቡ ላይ ነው። ሞስት ዋንትድ ሁለቱን አጋባ። ጥንካሬው ከዚህ ይመጣል፦ ያስዋባችሁትን፣ የደከማችሁበትን መኪና ፖሊስ ሊወርስባችሁ ይችላል።

ጌሙ ውስጥ ከ15ኛው ጀምሮ ተራ በተራ የሚሸነፉ 15 ተፎካካሪዎች አሉ። ማሳደዱ በዕድል የሚሄድ አይደለም፣ ስሌት አለው። ፖሊስ ሲያሳድዳችሁ የምታገኙት የባውንቲ ነጥብ የሚጸድቀው ካመለጣችሁ ብቻ ነው፤ ከተያዛችሁ የዚያ ማሳደድ ልፋት በሙሉ ይቀራል። ስለዚህ ቀጣዩን ተፎካካሪ ለመግጠም የሚፈለገው ነጥብ ሲሞላ ወዲያው ማምለጫ ፈልጉ። መንገድ ሲዘጋ እሾህ የተዘረጋበትን ክፍተት ትታችሁ የፖሊሱን መኪና ከኋላ በኩል ምቱት፤ ሞተር የሌለበት ወገን ስለሆነ ቶሎ ይገፋል። ‘ሂት’ የሚባለው የተፈላጊነት ደረጃ ለእያንዳንዱ መኪና ለብቻው ይቆጠራል። አንዱ መኪና ሲግል በሌላ ንዱ፣ ወይም ቀለሙንና አካሉን ቀይሩ፤ ይቀንሳል። ከ15ቱ ተፎካካሪዎች አንዱን ስታሸንፉ ከስድስት ምልክት ሁለት ትመርጣላችሁ፤ የሰውየው መኪና የሚገኘው ከሦስቱ የጥያቄ ምልክቶች በአንዱ ስር ነው። ሁለቱንም ምርጫ እዚያ ላይ አውሉ፤ የሞተር ዕቃ በገንዘብም ይገዛል።

አነዳዱ እውነተኛ አይደለም። ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ገደል የሚከት ፍጥነት እዚህ ጌም ውስጥ ኩርባን በቀላሉ ያሳልፋል። ለዚህ ጌም የሚስማማው ይኸው ነው ባዮች ነን። የማይስማማን የተፎካካሪዎቹ ነገር ነው፤ የቱንም ያህል ብትቀድሟቸው በማይታመን ፍጥነት መልሰው ይደርሱባችኋል፣ በተለይ መጨረሻዎቹ አምስቱ ጋ።

ከዚያ በኋላ ስቱዲዮው አልዘለቀም። በየዓመቱ አንድ ጌም ማውጣት ግድ ሆነበት፦ በ2006 ካርቦን፣ በ2007 ፕሮስትሪት፣ በ2008 አንደርከቨር። ፕሮስትሪት ፖሊሱን አስወጥቶ ዝግ ትራክ ውስጥ ገባ፤ አንደርከቨር ፖሊሱን ቢመልስም ሥራው ጥድፊያ ይታይበታል፣ ምስሉም ይንገጫገጫል። በ2011 ዘ ረን ወጣ፣ በ2013 ስቱዲዮው ተዘጋ።

ዊንዶውስ 10 ላይ ስትጭኑ ማስነሻ ፋይሉን በአድሚኒስትሬተር ፈቃድ ክፈቱት። በሰፊ ስክሪን ላይ መኪናው ወደ ጎን ተለጥጦ ይታያል፤ ይህን የሚያርመው ተጨማሪ ፋይል የሚሠራው መጀመሪያ ጌሙን ወደ 1.3 ቅጂ ካሻሻላችሁ ነው። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ሴቭ እያደረገ ሳለ መብራት ከጠፋ ፋይሉ ይበላሻል፣ ከ15ኛው ተፎካካሪ እንደገና መጀመር ይመጣል። ዶክመንትስ ውስጥ በጌሙ ስም የተቀመጠውን ፎልደር አንድ ተፎካካሪ ባሸነፋችሁ ቁጥር ፍላሽ ላይ ገልብጡት፤ ሲበላሽ መልሳችሁ እዚያው ቦታ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው።