ጃዝ ቤዛችሁ ቀጠነባችሁ? ፒክአፑን ከመቀየራችሁ በፊት ሽቦውን

ሰሞኑን ቤዝ ጊታር የሚጫወቱ ልጆች በተገናኙበት ሁሉ ወሬው ፒክአፕ ነው፣ ከክሮቹ ሥር ሆኖ ንዝረታቸውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ማግኔት ያለው ዕቃ። "የኔ ድምፁ ቀጭን ነው፣ ከውጭ አዲስ ፒክአፕ ላስመጣ?" የሚል አይጠፋም። የያዛችሁት ጃዝ ቤዝ (ሁለት ፒክአፕ ያለው የፌንደር ሞዴል ወይም ኮፒው) ከሆነ መልሴ አጭር ነው፦ ቆይ! መጀመሪያ የሽቦውን አገናኝ አስቀይሩ። ስለዚህ ዛሬ የምገመግመው ቤዝ አይደለም። አንዲት ትንሽ ዕቃ ናት፣ ፑሽ-ፑል ፖት የሚሏት። ፖት ማለት ቤዙ ላይ እየዞረ ድምፁን የሚያስተካክለው ቁልፍ ነው። ላይዋን ስታዩት ተራ ቁልፍ ናት። ወደ ላይ ስትስቧት ግን ከሥሯ ያለው ባለ ስድስት እግር ማብሪያ ማጥፊያ ይቀየራል። ዋጋዋ ከአንድ ደህና ሙሉ የቤዝ ክር ያንሳል።

የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ፌንደር ጃዝ ቤዝን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ)። የመጀመሪያዎቹ ላይ ቁልፎቹ ተደራራቢ ነበሩ፣ እያንዳንዱ ፒክአፕ የራሱ ቮሊዩምና የራሱ ቶን ነበረው። ብዙም ሳይቆይ ዛሬ የምናውቀው መጣ፣ ሁለት ቮሊዩም አንድ ቶን። ውስጡን ብትከፍቱት ምንም የሚያስፈራ ነገር የለውም። ሦስት ባለ 250 ኪሎ ኦም ፖት፣ 0.047 ማይክሮፋራድ የሆነ ካፓሲተር፣ የኬብል መሰኪያ፣ አለቀ።

ሁለቱ ፒክአፖች የሚገናኙት በፓራለል ነው። ጎን ለጎን ሆነው ወደ አንድ መውጫ ይገባሉ። ሁለቱንም ቮሊዩም እስከ መጨረሻው ስትከፍቱ ድምፁ ጥርት ይላል፣ መሃሉ ግን ይጎድላል፤ ምክንያቱም ሁለቱ ፒክአፖች ክሩን የሚሰሙት ከተለያየ ቦታ ስለሆነ አንዳንዱን ድምፅ እርስ በርስ ያጠፋፋሉ። ለስላፕ (ክሩን በአውራ ጣት እየመቱ ለሚጫወቱት) ግሩም ነው። አሜሪካዊው ቤዚስት ማርከስ ሚለር በ1977ቱ ጃዝ ቤዙ የሚያወጣው ድምፅ ከዚሁ ባሕርይ ብዙ ያገኛል። ለኛ ጭፈራ ግን አስቡት። ኪቦርዱ በግራ እጁ ታች ይጫወታል፣ ከበሮው ይደርባል፣ ሳክስፎኑ ከላይ ይጮኻል፣ እናንተ ቤት ውስጥ ብቻችሁን ስትሞክሩት ያማረው ድምፅ መድረክ ላይ የት እንደገባ አይታወቅም። በሮሃ ባንድ ካሴትና በጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ያደገ ጆሮ ደግሞ ቤዝ ሲሸሸግ አይወድም።

ፖቷ ስትሳብ ፒክአፖቹ በሲሪየስ ይገናኛሉ። የአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይገባል፣ ሁለቱ እንደ አንድ ትልቅ ፒክአፕ ይሆናሉ። ድምፁ ይጨምራል፣ መሃሉ ይሞላል፣ ላይኛው ጥራት ትንሽ ይቀንሳል። ሌላው የፌንደር ሞዴል፣ ፕሪሲዥን ቤዝ፣ ወፍራም የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ከ1957 ጀምሮ ያለው ለሁለት የተከፈለው ፒክአፑ ሁለቱ ግማሾች በሲሪየስ ነው የተያያዙት። "እንግዲያው ጃዜ ፕሪሲዥን ሆነ" የሚል ካለ ግን ተሳስቷል። የፕሪሲዥን ፒክአፕ ያለበት ቦታ ሌላ ነው፣ ቦታ ደግሞ በሽቦ አይቀየርም። የአጎት ልጅ በሉት፣ ወንድም አይደለም።

የኔ ቤዝ ስሙን የማልጠራው ርካሽ ኮፒ ነው። እንጨቱና አንገቱ ምንም አይወጣለትም፣ የኤሌክትሪክ ሥራው ግን ለይስሙላ የተሠራ ነው። ፖቷን አንድ ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ ጣል አድርጎልኝ መጣ። ብየዳውን የሠራልኝ የሰፈር ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ጊታር ነክቶ አያውቅም፣ የሽቦውን አገናኝ ሥዕል ሲያይ ግን "ይቺ ናት እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ። በቶኑ ፖት ቦታ ላይ አስገባት። ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር ለኩ። አንደኛ ጥልቀት፦ ይቺ ፖት ከተራዋ ትረዝማለች፣ ጉድጓዱ ጥልቀት ከሌለው ክዳኑ አይገጥምም። ሁለተኛ ቀዳዳ፦ ብዙ ርካሽ ቤዞች የሚመጡት በቀጫጭን ፖት ስለሆነ ቀዳዳውን ማስፋት ሊያስፈልግ ይችላል። የኔን በሞረድ ነው ያሰፋነው።

ሥራው በትክክል መሠራቱን ለማየት ቤዙን መክፈት አያስፈልግም። ኬብል ሰኩ፣ ሁለቱንም ቮሊዩም ክፈቱ፣ የኬብሉን ሌላ ጫፍ በቴስተር ለኩ። እያንዳንዱ ፒክአፕ 7 ወይም 8 ኪሎ ኦም ከሆነ በፓራለል የዚያ ግማሽ፣ በሲሪየስ ደግሞ ወደ 15 የተጠጋ ታገኛላችሁ። ፖቶቹ ትንሽ ስለሚቀንሱት ቁጥሩ ልክ ባይመጣ አትደንግጡ። ሁለቱም ተከፍተው ድምፁ የቀጠነና በአፍንጫ የሚናገር ሰው ከመሰለ ግን የአንዱ ፒክአፕ ሽቦ ተገልብጧል።

ስለ ጩኸቱም ላንሳ፣ ምክንያቱም አዲስ አበባ ውስጥ ኧርዝ የሌለው ቤትና አዳራሽ ሞልቷል። ደህና የጃዝ ቤዝ ፒክአፖች አንዱ ከሌላው ተቃራኒ ተጠምጥመው፣ ማግኔታቸውም ተገልብጦ ነው የሚመጡት። ስለዚህ ሁለቱም እኩል ሲከፈቱ ያ "እዝዝ" የሚለው የመብራት ጩኸት ይጠፋል። አንዱን ብቻ ስትከፍቱ ይመለሳል። ታዋቂውን ቤዚስት ጃኮ ፓስቶሪየስን ለመምሰል የብሪጁን (ክሮቹ ታች ከሚታሰሩበት ጎን ያለውን) ፒክአፕ ብቻ የምትጠቀሙ፣ ይሄ ዕዳችሁ ነው። በሲሪየስ ሁለቱም ሁልጊዜ አብረው ስለሚሠሩ ጩኸቱ የለም፤ እውነት ለመናገር ከድምፁ ውፍረት እኩል የወደድኩት ይሄንን ነው። ክሩን ስትነኩ የሚቀንስ ጩኸት ካለ ግን እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ጉድጓዱን በመዳብ ወረቀት አልብሳችሁ ከኧርዙ ጋር አገናኙት። አምፑ ቢጮኽባችሁም ከግድግዳው የሚመጣውን ኧርዝ በፍጹም እንዳትቆርጡ። ክሮቹ ከዚያ መስመር ጋር የተያያዙ ናቸው፣ በእጃችሁ የምትነኩትም እነሱን ነው።

መድረክ ላይስ? ለጭፈራ፣ በተለይ ለጉራግኛና ለኦሮምኛ፣ እስባታለሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ አልመልሳትም። ለትዝታ ግን እመልሳታለሁ። ቀስ ያለ ዘፈን ላይ ኖታው ረዘም ብሎ ሲቆይ ያ የፓራለል ጥራት ያስፈልጋል፣ ሲሪየሱ ትንሽ ይጨፈግጋል። መዝሙር የሚያጅብ ጓደኛዬ ተቃራኒውን ነው የሚለኝ፣ ኳየሩ ብዙ ሰው ከሆነ ሲሪየስ ብቻ ነው የሚያዋጣው ይላል። ጆሮ ይለያያል።

የሚያናድዱ ነገሮችም አሉ። ስትሳብ ድምፁ ድንገት ስለሚያድግ ሳውንዱን የያዘው ልጅ ካላወቀ ይሰድባችኋል። በሳውንድ ቼክ ጊዜ ሁለቱንም አሰሙት። በኔ አሠራር በሲሪየስ ጊዜ አንዱ ቮሊዩም ለሁለቱም ይሆናል፣ ሌላው ሥራ ይፈታል፣ ስለዚህ ሁለቱን እያመጣጠኑ ድምፅ መፈለግ የሚባል ነገር ቀረ። በላብ እጅ መሳብም ቀላል አይደለም፣ ቁልፉ ይንሸራተታል። ተጭነው የሚለቋት ፑሽ-ፑሽ የምትባል አለች፣ ከተገኘች እሷን ግዙ።

ፕሪአምፕ (ቤዙ ውስጥ የሚገባ፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ማጉያ) አስገባ የሚሉኝም አሉ። ሚውዚክ ማን የተባለው ኩባንያ በ1976 ስቲንግሬይ የተባለውን ቤዝ ካወጣ ወዲህ አክቲቭ (ፕሪአምፕ ያለው) ቤዝ ብዙ ወዳጅ አፍርቷል፣ ጥሩ ነው፣ አልክድም። ሠርግ መሃል ባለ 9 ቮልት ባትሪ የሚያልቅበትን ነገር ግን እኔ አልፈልግም። አዲስ ፒክአፕ ለሚያስብ ሰውም ገንዘቡን ይያዝ ነው የምለው። ይቺን አስገብቶ ሁለት ሦስት ሥራ ይሥራባት፣ ያኔም ካልጣመው ፒክአፑን ይግዛ፤ ፖቷ እንደሆነች ለአዲሱም ታገለግላለች።