ተርኒንግ ፔጅስ፦ እስረኛ እስረኛን ማንበብ የሚያስተምርበት የእንግሊዝ ፕሮግራም

እንግሊዝ አገር እስር ቤት ውስጥ ምግብ ለመምረጥ እንኳ ማንበብ ያስፈልጋል። ምርጫው በዝርዝር ይመጣል፣ እስረኛው የሚፈልገው ላይ ምልክት ያደርጋል። ሻይ፣ ስኳር፣ ሳሙና የሚታዘዘው በፎርም ነው። ጥርሱን ያመመው ሰው ሐኪም ለማየት ማመልከቻ ይሞላል፣ ቅሬታ ያለውም እንደዚያው። አንዳንድ ቦታ ወረቀቱ በስክሪን ተተክቷል፤ ስክሪኑም ግን የሚነበብ ነው። ታዲያ ማንበብ የማይችል አዋቂ ሰው ምን ያደርጋል? ብዙውን ጊዜ ይደብቃል። መነጽሬ ጠፍቶብኛል ይላል፣ ክፍል የሚጋራውን ሰው ያስሞላል፣ ወይም ተናዶ ፎርሙን ይጥለውና አስቸጋሪ የሚል ስም ይወጣለታል።

የጥቂት ሰዎች ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። የእንግሊዝ ፍትሕ ሚኒስቴር መረጃ እንደሚያሳየው፣ ሲገቡ ምዘና ከወሰዱት አዋቂ እስረኞች 57 በመቶ ያህሉ የማንበብና የመጻፍ ችሎታቸው ከ11 ዓመት ልጅ ከሚጠበቀው በታች ነው። ከግማሽ በላይ ማለት ነው!

ዛሬ የምጽፍላችሁ ለእነዚህ ሰዎች ስለተዘጋጀው ተርኒንግ ፔጅስ ስለተባለው የንባብ ፕሮግራም ነው። እኔ ሥራዬ አዋቂዎችን እንግሊዝኛ ማስተማር ስለሆነ የማየው በአስተማሪ ዓይን ነው። ፕሮግራሙን የሚያካሂደው ሻነን ትረስት የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። አነሳሱ ደስ ይላል። ክሪስቶፈር ሞርጋን የሚባል ገበሬ ዕድሜ ልክ ከተፈረደበት ቶም ሻነን ከተባለ እስረኛ ጋር ለዓመታት ሲጻጻፍ ቆየ፤ ደብዳቤዎቻቸው በ1990ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በመጽሐፍ ወጡ፣ የሽያጩም ገቢ ለድርጅቱ መነሻ ሆነ። መጀመሪያ የሚያስተምሩት ሌሎች ባዘጋጁት መጽሐፍ ነበር። በ2015 ግን ለአዋቂ ሰው ታስቦ የተሠራውን ተርኒንግ ፔጅስን አመጡ።

አሠራሩ ቀላል ነው። አምስት መማሪያ መጻሕፍት አሉ፣ ከፊደል ድምፅ ይጀምርና ቀስ እያለ ወደ ረጃጅም ቃላት ይሄዳል። ከእነሱ ጋር የሚነበቡ ትንንሽ የታሪክ መጻሕፍት አሉ። ትምህርቱ በቀን 20 ደቂቃ ነው፣ ቢቻል በሳምንት አምስት ቀን። አንድ ለአንድ። ፈተና የለም፣ ክፍያ የለም፣ ማንም ማንንም አይጠብቅም። አስተማሪው ደግሞ ማንበብ የሚችልና ለዚህ የሠለጠነ ሌላ እስረኛ ነው።

ለእኔ የፕሮግራሙ ትልቁ ነገር ይሄ የመጨረሻው ነው። እዚያ ያሉ ብዙዎቹ ከትምህርት ቤት የወጡት ተባረው ወይም ተሸማቀው ነው፤ ነጭ ሰሌዳ ፊት መቀመጥ ራሱ ያስጨንቃቸዋል። እዚህ ግን አጠገቡ የሚቀመጠው አብሮት ለምግብ የሚሰለፍ፣ በአንድ ኮሪደር የሚኖር ሰው ነው። ስህተቱን ማንም ክፍል ሙሉ ሰው አይሰማበትም። ለእኛም አዲስ ነገር አይደለም፣ በደርግ ዘመን ከርቸሌ ታስረው የነበሩ ሰዎች ሲያወሩ የሰማ ያውቀዋል፣ ፊደል የቆጠረው ያልቆጠረውን ያስተምር ነበር።

ሃያ ደቂቃ ማነሱም ተመችቶኛል። ማንበብ የሚቸግረው አዋቂ ቶሎ ይደክማል። በተለይ ዲስሌክሲያ ካለበት። ዲስሌክሲያ ከአእምሮ ማነስ ጋር አይገናኝም፤ ድምፅን ከፊደል ጋር ማያያዝ ላይ የሚያስቸግር ነገር ነው፣ የሚያግዘውም በሥርዓት የተቀመጠ ብዙ ድግግሞሽ ነው። በ2000 የታተመ የቴክሳስ እስር ቤቶች ጥናት ከተመረመሩት እስረኞች ግማሽ ያህሉ ላይ ይህን ችግር አግኝቷል። አሜሪካኖቹ በ2018 ባወጡት ፈርስት ስቴፕ አክት በተባለ ሕግ የፌዴራል እስረኞች ለዲስሌክሲያ እንዲመረመሩ ደንግገዋል፣ ትልቅ እርምጃ ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጨካኝ ነው። በእኛ ፊደል "ለ" የትም ብትሄድ "ለ" ናት። እዚያ ግን 26 ፊደላት 44 ያህል ድምፆችን ይሸከማሉ፣ አንዱ ፊደል በየቃሉ ይለዋወጣል። መጻሕፍቱ ድምፆቹን አንድ በአንድ እየፈቱ መሄዳቸው ትክክለኛ ውሳኔ ነው።

አሁን ወደ ድክመቱ። ፕሮግራሙ የሚሠራው በሩ ሲከፈት ነው። የሠራተኛ እጥረት ባለበት እስር ቤት ሰዎች አብዛኛውን ቀን ይቆለፍባቸዋል፤ ያኔ አስተማሪውም ተማሪውም በየክፍላቸው ናቸው፣ ሃያዋ ደቂቃ ትቀራለች። አስተማሪው ሌላ እስር ቤት ቢዛወር ደግሞ ከአዲስ ሰው ጋር እንደገና መላመድ ነው። የትምህርት ተቆጣጣሪው ኦፍስቴድና የእስር ቤቶች ተቆጣጣሪው ቢሮ በ2022 በጋራ ያወጡት ሪፖርት ከባድ ነው፤ የንባብ እርዳታ በጣም የሚያስፈልጋቸው እስረኞች በአብዛኛው ትንሹን እርዳታ እንደሚያገኙ ጽፏል። ይሄን የሻነን ትረስት ጥፋት አላደርገውም። መንግሥት ደመወዝ የሚከፈለው፣ ንባብን ከሥሩ ማስተማር የሚያውቅ ባለሙያ መቅጠር ሲገባው ትልቁን ሸክም በጎ ፈቃደኛና እስረኛ ላይ መጫኑ ግን ያናድደኛል።

ሌላው፣ ይሄ የንባብ ፕሮግራም እንጂ የቋንቋ ፕሮግራም አይደለም። አንድ ሰው የፍርድ ቤት ወረቀቱን ድምፅ እያወጣ ያነበውና ምን እንደሚል ሳይገባው ሊቀር ይችላል። በእስር ላይ ካሉ ወጣቶች ከግማሽ በላዩ የንግግርና የቋንቋ ችግር እንዳለባቸው የእንግሊዝ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ለነሱ የንግግርና የቋንቋ ባለሙያ ያስፈልጋል። አማርኛ አፉን የፈታበት ሐበሻም እንደዚሁ ነው። አማርኛ አንባቢ ከሆነ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ቶሎ ይጨርሰዋል፣ ግን ቃላቱን ካላወቀ ንባቡ ባዶ ድምፅ ይሆንበታል። ስለዚህ ጎን ለጎን ለውጭ ተወላጆች የሚሰጠውን የእንግሊዝኛ ክፍል ይጠይቅ። አማርኛም እንግሊዝኛም ማንበብ ለማይችል ሰው ይህ ፕሮግራም ብቻውን አይበቃም።

ከአምስት አራት ኮከብ እሰጠዋለሁ። እንግሊዝ ወይም ዌልስ ውስጥ የታሰረ ዘመድ ያላችሁ፣ ማንበብ እንደሚቸግረው ከጠረጠራችሁ፣ የሻነን ትረስት አስተማሪ እንዲያገናኙት ላይብረሪውን እንዲጠይቅ ንገሩት። በደብዳቤ ሳይሆን ሲደውል ወይም ስትጠይቁት በአፍ ንገሩት።