ለእማዬ 80ኛ ልደት የመጡት ሦስቱ

ዘንድሮ ሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ነበርኩ። እማዬ 80 ዓመት ሞላት። እኔ የምኖረው ቶሮንቶ ነው፤ አገር ቤት ከገባሁ ስድስት ዓመት አልፎኝ ነበር። ብዙዎቻችሁ ለሠርግ፣ ለምርቃት ወይም ለልደት ስትሄዱ «ማንን እንቅጠር? የት እንረፍ?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። እና የተጠቀምኩበትን ልንገራችሁ። አብዛኛው ጽሑፍ ግን ስለ ሦስት ሙዚቀኞች ነው፤ ከአሁኑ ልናገር።

ሌላውን ቶሎ ልጨርሰው። ያረፍኩት አራት ኪሎ አካባቢ ባለች ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ ሙቅ ውሃ አለ፣ የጠዋቱ ፍርፍር በጣም ይጥማል። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር ወዲያው ይነሳል። ለመንቀሳቀስ ራይድ፣ ለመክፈል ቴሌብር በቂ ነው፤ ጥሬ ብር ከያዝኩ ለጉልት ገበያና ለጉርሻ ብቻ ነው። ፒያሳ በጣም ተለውጧል። ያደግሁበት መንገድ ሁለት ጊዜ ጠፍቶብኝ የዓድዋ ድል መታሰቢያን ምልክት አድርጌ ነው የተመለስኩት። ስለዚያ ብዙ የምለው አለኝ፣ ግን የዛሬ ጉዳዬ አይደለም።

እማዬ በወጣትነቷ ብሔራዊ ቲያትር ትኬት ትሸጥ ነበር። ያኔ ስሙ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ነው። ቲያትር ቤቱ የተከፈተው በ1948 ዓ.ም. ነው፤ እሷ የገባችው ከዚያ ዘግይታ፣ ነርሲስ ናልባንዲያን ሙዚቃውን በሚመሩበት ዘመን ነው። ከሰዓት በኋላ መስኮቷ ላይ ሰው ሳይኖር ልምምዱን ትሰማ ነበር። ልጆች ሳለን «ቫዮሊኖቹ ደረጃውን እየወረዱ ይመጡብኝ ነበር» ትለን ነበር። ለዚህ ነው ለልደቷ ዲጄ ያልፈለግሁት። ቫዮሊን ፈለግሁላት።

ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረ የአጎቴ ልጅ አለ። ስነግረው ወዲያው «ፒያኖ ትሪዮ አለ፣ ገና አምስት ወራቸው ነው» አለኝ። ፒያኖ ትሪዮ ሲባል ሦስት ፒያኖ ማለት አይደለም። አንድ ፒያኖ፣ አንድ ቫዮሊን፣ አንድ ቼሎ ነው፤ ቼሎ ማለት ተቀምጠው የሚጫወቱት ትልቅ ቫዮሊን መሰል መሣሪያ ነው። ፊት ቆሞ የሚመራቸው ሰው የለም። ፒያኖ ተጫዋቿ ትንፋሽ ስትስብ ሌሎቹ አይተው ይነሳሉ። ይኼው ነው መሪያቸው።

ስም ገና የላቸውም። ስጠይቃቸው «አሥር ጊዜ ሰው ፊት እንጫወት፤ ከዚያ ስም እናወጣለን» አሉኝ። የእማዬ ልደት አራተኛቸው ነበር።

ማን እንደሆኑ በደንብ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም የምትከፍሉት ለአንድ ምሽት ብቻ ሳይሆን እዚያ ለደረሱበት መንገድም ነው። ፒያኖ ተጫዋቿ የጀመረችው ከመዘምራን ጋር ኪቦርድ በመጫወት ነው። ከዚያ ግርማ ይፍራሸዋን ሲጫወት አየች። ግርማ በልጅነቱ ክራር ይመታ የነበረ፣ በ16 ዓመቱ ያሬድ ገብቶ ፒያኖ የያዘ፣ ኋላም ሶፊያ ሄዶ የተማረ ፒያኒስት ነው። «አምባሰልን በፒያኖ ሲጫወት ሰምቼ ያን ቀን ወሰንኩ» አለችኝ። አሁን ቤት ለቤት እየዞረች ልጆች ታስተምራለች። በቀን አራት ቤት። አብዛኛው ቤት ያለው ኪቦርድ ስለሆነ እሷ ራሷ እውነተኛ ፒያኖ የምትነካው ማታ ቤቷ ስትገባ ነው። ከአገር የሚወጣ ቤተሰብ የሸጠላት፣ ግድግዳ ተጠግቶ የሚቆም አሮጌ ፒያኖ አላት።

ቫዮሊን ተጫዋቹ ስቱዲዮ ይሠራል። አንድ ዘፈን ላይ ከድምፃዊው ኋላ ብዙ ቫዮሊን ስትሰሙ፣ አንዳንዴ ያ ሁሉ እሱ ብቻ ነው። አንዱን መስመር አራትና አምስት ጊዜ ይቀዳል፣ ይደራረብና ብዙ ሰው ይመስላል። ለዓመታት ከራሱ ጋር ሲጫወት ኖሯል ማለት ነው። አሁን የሚከብደው፣ እንደነገረኝ፣ ሰውን መጠበቅ ነው።

ቼሎ ተጫዋቹ ገና ልጅ ነው። በቼሎ ተመርቆ የሚኖረው በቤዝ ጊታር ነው፤ ማታ ማታ ክለብ ይጫወታል። ሁለቱም አራት አራት ክር አላቸው፣ ቅኝታቸው ግን ይለያያል፤ በጣቶቹ መካከል ያለው ርቀትም እንደዚያው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቤቱ ይገባና ጠዋት 4 ሰዓት ልምምድ ላይ ይገኛል። ጣቶቹ ወደ ቼሎ እስኪመለሱ ሩብ ሰዓት ብቻውን ደጋኑን በረጅሙ እየሳበ ይቀመጣል። ሌሎቹ ዝም ብለው ይጠብቁታል። ይቺን ሩብ ሰዓት እኔ በጣም ወደድኳት።

አሁን ክፍያው። እኔ የማውቀው ለምሽቱ መክፈል ነው። እነሱ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ስንት ልምምድ ይከፍሉልናል?» ብለው ነው። ትንሽ ደነገጥኩ። ከዚያ አስረዱኝ። ቼሎ ተጫዋቹ ለልምምድ ሲመጣ ሌላ ሥራ ይተዋል፣ እሷም ሁለት ቤት ትሰርዛለች። ልምምዱ ካልተከፈለበት አንድ ሳምንት አንዱ ይቀራል፣ በሚቀጥለው ሌላው፤ ሦስት ሰው ሆነው አንድ ቀን እንኳ ሳይገጣጠሙ ይበተናሉ። ከእነሱ በፊት የተጀመሩ ሁለት ቡድኖች እንዲህ ሲቀሩ አይተዋል። አራት ልምምድና ምሽቱን ጨምሮ ለሦስቱ 60 ሺህ ብር ተስማማን፤ ግማሹ ቀብድ። አንድ ገጽ ውል ጻፉልኝ፣ ሰዓቱም ክፍያውም የሚጫወቱትም ተዘርዝሯል። ከተጠቀምኩበት አገልግሎት ሁሉ እንዲህ ጥርት ያለ ውል የሰጠኝ ሌላ የለም። ቀጥራችሁ «ለአንድ ሰዓት ነው እኮ» ብላችሁ እንዳትከራከሯቸው እለምናችኋለሁ።

ያዘንኩት በአዳራሹ ነው። ከአራት ኪሎ ብዙ የማይርቅ አዳራሽ ተከራየሁ፤ ስሙን አልጠራም። ስልክ ላይ «ፒያኖ አለን» አሉኝ። አለ። አበባ ተቀምጦበታል፣ ሦስት ቁልፎች ሲነኩ አይመለሱም፣ ድምፁ ደግሞ ልብ ይሰብራል። ለፒያኖው ለብቻው ኪራይ አስከፍለውኛል። ገንዘቡን መልሱልኝ ስል «ያለው ይሄ ነው» ተባልኩ። አዳራሽ ስትከራዩ ከሙዚቀኞቹ አንዱን ይዛችሁ ሂዱና ሳትከፍሉ በፊት ይሞክረው።

ያዳነን ፒያኖ የሚቃኙ አንድ አዛውንት ናቸው። መጀመሪያ የቀጠርነው ሌላ ሰው ሁለት ቀን አስጠብቆን ቀረ። እኚህ አባት ግን በተባለው ሰዓት ትንሽ የቆዳ ቦርሳ ይዘው መጡ። ፒያኖ ውስጡ ወደ 230 የሚጠጉ ክሮች አሉት፤ የሁሉም ውጥረት ሲደመር ከ15 ቶን በላይ ይሆናል። «ለዓመታት የላላውን ፒያኖ በአንድ ቀን ልክ አመጣዋለሁ ማለት ክሩን መበጠስ ነው» አሉ። በመጀመሪያው ቀን በሻካራው አነሱት፣ አሳደሩት፣ በሁለተኛው ቀን ተመልሰው አጣሩት። ክረምት ላይ እርጥበቱ የፒያኖውን እንጨት ያሳብጠዋል፣ ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል፤ በበጋ ይደርቅና ይወርዳል። ስለዚህ በዓመት አንዴ መቃኘት አይበቃውም አሉ። መቃኛ የሆነችውን ላ የምትባለዋን ድምፅ ከተለመደው 440 ኸርዝ ትንሽ ዝቅ አድርገው ተዉት። ፒያኖው ያረጀ ስለሆነ ቫዮሊኑና ቼሎው ወደ እሱ ይውረዱ አሉ። ወረዱ። አምስት ሰዓት የሠሩበትን ሒሳብ ሲነግሩኝ አፈርኩ፣ ጨምሬ ከፈልኩ።

ከልምምዱ በአንዱ ላይ እማዬን ይዤ ሄድኩ። የሚለማመዱት ፒያኖ ተጫዋቿ ቤት ነው። ግድግዳው ላይ ሁለት ፎቶ አለ። አንዱን እማዬ ከበር ለይታ «እማሆይ!» ብላ አማተበች። ፒያኒስቷ መነኩሴ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ናቸው። ሁለተኛውን ማናችንም አላወቅነውም። መናኸም ፕሬስለር ይባላል፣ ቦዛር የሚባለው ዝነኛ ፒያኖ ትሪዮ ፒያኒስት።

ልጅቷ ሻይ እየጠጣች ለእማዬ ሁሉንም ተረከችላት። እማሆይ የተወለዱት አዲስ አበባ፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 1923 ነው። ፕሬስለር የተወለደው ከአራት ቀን በኋላ፣ ጀርመን ማግደቡርግ ከተማ። ሁለቱንም ፋሺዝም በልጅነታቸው ከቤታቸው አፈናቅሏቸዋል፤ እሳቸው ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው ጣሊያን፣ እሱ ከናዚዎች ሸሽቶ ፍልስጤም። እሳቸው መንነው ለብቻቸው ተጫወቱ። እሱ ከሁለት ሰው ጋር ተጫወተ፣ እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 2008፣ 53 ዓመት። በዚያ ሁሉ ጊዜ አምስት ቫዮሊኒስትና ሦስት ቼሊስት ተፈራርቀዋል፤ እሱ ግን ከፒያኖው አልተነሳም። ሁለቱም ያረፉት እ.ኤ.አ. በ2023 ነው፣ በ99 ዓመታቸው፣ በስድስት ሳምንት ልዩነት። እሳቸው ኢየሩሳሌም፣ እሱ ለንደን።

«እና አንቺስ የማን ልጅ ነሽ? የእሳቸው ወይስ የእሱ?» አለቻት እማዬ።

«ጠዋት የእሳቸው፣ ልምምድ ላይ የእሱ ነኝ፣ እማማ።»

ምሽቱ ሲደርስ 70 ያህል ሰው ነበርን። ሃይድን በሚባለው አቀናባሪ ሥራ ጀመሩ። ሃይድን ላይ ቼሎው አብዛኛውን ጊዜ የፒያኖውን ግራ እጅ ይከተላል፣ ለብቻው ብዙ አይናገርም። ፈጣኑ የመጨረሻ ክፍል ላይ አንድ ቦታ ተጠፋፉ፤ ቫዮሊኑ ቀደመ፣ ሁለት መስመር ያህል ሄዶ ተገናኙ። ገና አዲስ መሆናቸው እዚህ ይሰማል፣ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ሌላም አለ። በመካከል አይናገሩም፣ ምን እንደሚጫወቱ አይነግሩንም። አንድ ደቂቃ ቢያስረዱን እንግዳው ሹካውን አስቀምጦ ያዳምጥ ነበር።

ቀጥሎ ሌላው አቀናባሪ ሜንዴልሶን፣ እ.ኤ.አ. በ1839 የጻፈው የሬ ማይነር ትሪዮ። ይህንን የመረጠው ቼሎ ተጫዋቹ ነው፤ ዜማውን የሚጀምረው ቼሎ ነዋ። ፒያኖው ግን ከባድ ነው። የሜንዴልሶን ጓደኛ ፈርዲናንድ ሂለር የፒያኖው አጻጻፍ ጊዜ ያለፈበት መሆኑን ነግሮት ሜንዴልሶን እንደገና ስለጻፈው ኖታው እንደ ነሐሴ ዝናብ ይወርዳል። ልጅቷ ላብ በላብ ሆነች። ሹካና ማንኪያው ዝም ያለው እዚህ ነው። ያ ሌሊት ሌሊት ጥግ ቆሞ ቤዝ የሚጫወት ልጅ መሃል ተቀምጦ ሰባ ሰው እሱን ብቻ ሲያይ፣ ዓይኖቹን ጨፍኖ ነበር።

የመጨረሻው ትዝታ ነው፣ ራሳቸው ለሦስት ያዘጋጁት። ቫዮሊን እንደ ማሲንቆ ድምፁን ማንሸራተት ይችላል፣ በሁለት ድምፆች መካከል መግባት ይችላል። ፒያኖ አይችልም፣ ቁልፉ የሰጠውን ብቻ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ቫዮሊኑ ሲያንሸራትት ፒያኖዋ ዝም ትላለች፣ ሲጨርስ ነው የምትመልስለት። ዝም ማለቷን የሰማሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። ጎኔ የተቀመጡ አንድ ጎረቤታችን «እህ» አሉ። እማዬ አላለቀሰችም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በቲያትር ቤቱ መስኮት እንደምትቀመጠው ቀጥ ብላ ተቀምጣ ሰማች።

ሲያልቅ ወደ እነሱ ሄደች። ቼሎውን በጣቷ ነካችውና «ልጄ፣ ይሄን መቼ ትለማመዳላችሁ ነበር ያልከኝ?» አለችው።

«ማክሰኞ ማክሰኞ፣ 4 ሰዓት፣ እማማ። እዚያው ያዩት ቤት።»

ከመመለሴ በፊት የሁለት ወር ልምምዳቸውን ከፍዬ መጣሁ። ዝግጅት ያላችሁ ጠይቁኝ፣ በእነሱ ፈቃድ አገናኛችኋለሁ፤ ቃኚውን አባትም ጭምር። አዳራሹን ግን ሌላ ፈልጉ።

ባለፈው ማክሰኞ ለእማዬ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። አላነሳችም። ደንግጬ ለእህቴ ስደውል «ዳቦ ደፍታ ይዛ ልምምድ ሄዳለች» አለችኝ።