«ዘ ቴብልስ ሃቭ ተርንድ» በፖርቱጋልኛ፦ ጨዋታው ወይስ ድግምቱ?

እንግሊዝኛው «ዘ ቴብልስ ሃቭ ተርንድ» (ቃል በቃል «ጠረጴዛዎቹ ዞሩ») ሲል የተገለበጠ የምግብ ጠረጴዛ የለም። «ቴብልስ» ድሮ እንደ ባክጋሞን ያሉ የሰሌዳ ጨዋታዎች መጠሪያ ነበር። ሲመራ የነበረው ተመሪ ሲሆን ይባላል። ወደ ፖርቱጋልኛ ቃል በቃል ከተረጎሙት ግን ጉድ ነው፤ ብራዚል ውስጥ «ጠረጴዛ መገልበጥ» ተሸናፊው ደንቡን ራሱን ሲያስቀይር የሚባል ነገር ነው።

አንዱ አማራጭ «ኡ ዦጉ ቪሮው» ነው፤ ጨዋታው ተገለበጠ። ኳስ ኳስ ይሸታል። እ.ኤ.አ. በ1950 የዓለም ዋንጫ ማራካና ስታዲየም ላይ ብራዚል ኡራጓይን 1 ለ 0 እየመራች 2 ለ 1 ተሸነፈች። ለዚህ «ኡ ዦጉ ቪሮው» ልክ ነው። ማንም ተንኮል አልሠራም፣ ነገሩ ዞረ፣ አለቀ።

ሌላው «ኡ ፌይቲሱ ቪሮው ኮንትራ ኡ ፌይቲሴይሩ» ነው፤ ድግምቱ በደጋሚው ላይ ዞረ። ይሄኛው ጥፋተኛ ይፈልጋል። ባልደረባውን «ያረፍዳል» ብሎ ለአለቃ ያሳበቀ ሰው አለ እንበል። የሰዓት ፊርማ ተጀመረና መጀመሪያ የተያዘው ራሱ ሆነ። እኛ «ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀው» የምንልበት ቦታ ማለት ነው። እንዴት ደስ ይላል!

ችግሩ ማማሩ ነው። ተርጓሚ ያማረ ነገር ሲያይ እጁ አያርፍም። እንግሊዝኛው ግን «የእጁን አገኘ» አላለም፤ ቦታ ተቀያየሩ ነው ያለው። ስለዚህ ጽሑፉ ውስጥ ተንኮለኛ ከሌለ እኔ ጨዋታውን እመርጣለሁ።