«ቀዩ ቀለም የጎደለው» ቴምብር ብለው 4,500 ብር በሉኝ

ጅማ ያላችሁ ቴምብር ሰብሳቢዎች፣ በተለይ ጀማሪዎች፣ ይቺን ሳታነቡ ብር እንዳታወጡ።

ከሁለት ወር በፊት ፈረንጅ አራዳ አንድ ካፌ ውስጥ አልበም ይዞ የሚዞር ሰው አገኘሁ። የወፍ ስዕል ያለበት ቴምብር አወጣልኝ። የወፏ ደረት ቀይ መሆን ሲገባው ነጥቷል። «ቀዩ ሳይታተም ያለፈ ነው፤ ሁለተኛ አታገኝም» አለኝ። 4,500 ብር ቆጠርኩለት። ቡናውንም የጋበዝኩት እኔ ነኝ!

ቤት ገብቼ በማጉያ መነጽር ሳየው ክንፏ ስር ፈዛዛ ሮዝ ነጠብጣቦች አሉ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ። አንድ ቀለም በእውነት ሳይታተም ከቀረ የዚያ ቀለም ነጥብ አንድም አይገኝም። ጭላንጭል ካለ ቀለሙ ወይ ሳስቶ ታትሟል፣ ወይ በኋላ ለቋል። ለማረጋገጥ ከአልበሜ ርካሽ ቴምብር አውጥቼ ግማሹን በካርቶን ሸፈንኩና መስኮት ላይ ለጠፍኩት። የጅማ ዝናብ ቢበዛም ፀሐይዋ ስትወጣ አትምርም። በአምስተኛው ሳምንት ካርቶኑን ሳነሳ ያልተሸፈነው ወገን ቀዩ ገርጥቷል። «ብርቅዬ ስህተት» እኔም ቤት ተሠራ ማለት ነው። በረኪና ደግሞ ይህን ያህል ጊዜም አይፈጅም።

ሰውዬው «ጥርስ የሌለው»፣ ማለትም ዳር ዳሩ ላይ የመነጣጠያ ቀዳዳ ሳይበሳለት የቀረ ነው የተባለ ቴምብርም አሳይቶኝ ነበር። እሱን እንኳ መቀስ ይሠራዋል። ከጤነኛው ጋር አስተያዩት፤ ጥርሱ ከተቆረጠ ጠቦ ይገኛል። በመሃላቸው ቀዳዳ የሌለ፣ ሳይነጣጠሉ የቀሩ ሁለት ቴምብሮች ካልሆኑ እኔ አልገዛም።

የቀለም ጠብታ ያረፈበትን ሁሉ «ልዩ ዓይነት» እያሉ የሚሸጡም አሉ። ልዩ ዓይነት የሚባለው እንከኑ ከማተሚያው ሰሌዳ ሲመጣና በየሉሁ እዚያው ቦታ ላይ ሲደጋገም ነው። ድንገት የተንጠባጠበ ቀለም ያስቃል እንጂ ብዙ አያወጣም።

በጣም የምፈራው ግን የምኒልክን ቴምብሮች ነው። የመጀመሪያዎቹ በ1894 በፈረንጅ አቆጣጠር ፓሪስ የታተሙ ናቸው። በ1902 «ቦስታ»፣ በ1903 ደግሞ «መልክት» የሚል ጽሑፍ በእጅ ማህተም ተመታባቸው። በእጅ ስለሆነ ተገልብጦ የተመታ በእርግጥ ይኖራል። አስመሳዩም የሚያስፈልገው አንድ ማህተምና ቀለም ብቻ ነው! የባለሙያ ማረጋገጫ ወረቀት ከሌለው በነጻም ቢሰጧችሁ ጠርጥሩ።

ብሬን ለማስመለስ ሄጄ ነበር። «ወንድሜ፣ አይተህ ነው የገዛኸው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አይቻለሁ። ባለፈው ቅዳሜ በዚያ ሳልፍ አልበሙን ዘርግቶ ጥርስ የሌለውን ለአንድ ተማሪ እያሳየ ነበር። ከአጠገባቸው ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ማጉያዬን ለልጁ አቀበልኩት።