የወተት ጣሳው፦ ለተክለሃይማኖቱ መካኒክ የቀረበ ምስጋና

ወዳጆቼ፣ ይህን ጽሁፍ ከኬንያ ጉዟችን ከተመለስን ጀምሮ ልጽፈው እያልኩ ስንት ጊዜ ተውኩት። ትናንት ግን ጎረቤቴ አንድ ጋራዥ በር ላይ ቆማ ስታለቅስ አገኘኋት። አራተኛ ወሯ ነው፣ መኪናዋ ገብቶ አልወጣም። ከዚህ በኋላ ዝም ብል ኃጢአት ነው።

የማመሰግናቸውን ሰው ስም አልጽፍም። ራሳቸው ከልክለውኛል። «ስሜን ስልክ ላይ ካወጣሽ ሁለተኛ እዚህ ግቢ እንዳትረግጪ» ብለዋል። ስለዚህ ጋሼ ነው የምላቸው። ሰባዎቹን ያጋመሱ መካኒክ ናቸው። ቦታቸውን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከአባዱላ ነው። ባለቤቴ ጡረታ ሲወጣ ያገለገለ አባዱላ ሚኒባስ ገዛን። ሐሳባችን ወንበሩን አውጥተን አልጋ፣ ምድጃ፣ የውሃ ጀሪካንና ትንሽ ቁም ሳጥን አስገብተን ሁለት ወር ባሕር ዳር መክረም ነበር። ባሕር ዳር ስል ከተማዋን አይደለም። እውነተኛውን ባሕር ነው፣ የኬንያን፣ የሕንድ ውቅያኖስን። ፈረንጆቹ ካራቫን የሚሉት ዓይነት መሆኑ ነው። ልጆቼ «ጎማ ያለው ኮንዶሚኒየም» ብለው ስም አወጡለት።

በዚህ ዕድሜያችሁ ምን ነካችሁ ያለን ብዙ ነው። መልሱ አጭር ነው። የተጋባነው በ1982 ነው። ባለቤቴ ለጫጉላ ምጽዋ እወስድሻለሁ ብሎኝ ነበር። የዚያን ዓመት የካቲት ምጽዋ ላይ የሆነውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ለጫጉላ የሚኬድበት ዓመት አልነበረም። ከዚያ ልጅ መጣ፣ ኪራይ መጣ፣ ኮንዶሚኒየም መጣ። ባሕሩ 35 ዓመት ቆየ።

አባዱላውን ለማሠራት ሦስት ቦታ ተቃጠልን። ማንንም አልጠራም፣ ለእግዜር ሰጥቻቸዋለሁ። ግን ንዴቴን ላውጣው።

የመጀመሪያው 60,000 ብር ቀብድ ተቀብሎ ሦስት ወር «ነገ» አለን። በሄድን ቁጥር ነገ ነው። አንድ ቀን በኃይል አስከፍተን ስንገባ ወንበሩ ስር የጫት ገረባና የአንድ እግር የሕፃን ጫማ አገኘን። መኪናችን ለካ ከተማ ውስጥ ሰው ሲያመላልስ ከርሟል! የሕፃኑን ጫማ እስከ ዛሬ አልጣልኩትም። ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ሁለተኛው አልጋና ቁም ሳጥኑን በችፑድ ሠራልን። ሲያዩት ያምራል። ለሙከራ ደብረ ዘይት ሄደን ባደርንበት ሌሊት አልጋው ተገንጥሎ ባለቤቴ ወገቡን ተመታ። ደውለን ስንነግረው «ሁለት ሰው ይተኛበታል አላላችሁኝም» አለ። እንግዲህ አልጋውን ለማን መስሎት ነው የሠራው?

ሦስተኛው ከሁሉም የባሰብኝ ነው። ባለቤቴ ዓይኑ ስለሚያስቸግረው መኪናውን የምነዳው እኔ ነኝ። ሰውየው ግን አንድም ቀን ወደ እኔ ዞሮ አልመለሰልኝም። እኔ እጠይቃለሁ፣ እሱ ለባለቤቴ ይመልሳል። አንድ ጊዜ ጠንከር ብዬ ስጠይቅ «ማዘር፣ ይሄ ለእርስዎ አይገባም» አለኝ። ልክ ነው፣ አልገባኝም። የከፈልኩት ግን እኔ ነበርኩ።

ከዚህ ሰውዬ በወጣን በሦስተኛው ቀን መኪናው ቴዎድሮስ አደባባይ፣ መድፉ ፊት ለፊት ቀጥ አለ። ከኋላ ጥሩምባ፣ ከፊት ትራፊክ ፖሊስ። ዕንባዬ መጣ። አንድ ሊስትሮ ዕቃውን ጥሎ መጣና እየገፋ «ተክለሃይማኖት አንድ ሽማግሌ አሉ፣ እሳቸው ጋ ውሰዱት» አለን። ያንን ልጅ ተመልሼ ፈልጌ አጣሁት። ይህን ካነበበ ቡና አለብኝ።

ጋሼ ድሮ ፒያሳ ነበር የሚሠሩት። በ2016 አካባቢው ለልማት ሲፈርስ ወደ ተክለሃይማኖት ወረዱ። የ30 ዓመት ደንበኞቻቸው የት እንደገቡ አያውቁም፣ እሳቸውም ስልክ የሚመዘግቡ ሰው አይደሉም። ይህን የምጽፈው ግማሹ ለዚህ ነው። ድሮ ፒያሳ የምታውቋቸው ካላችሁ፣ አሉ! ደህና ናቸው! ሂዱ!

የመጀመሪያ ቀን መኪናውን ዞረው አዩት። ኮፈኑን ከፈቱ፣ ዘጉ። ከዚያ ባለቤቴን ትተው ወደ እኔ ዞሩና «የምትነጂው አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«የት ነው የምትሄጂበት?»

«ሞምባሳ።»

ዝም አሉ። ቀጥለው «ጨው አለ» አሉ። ሌላ ሰው ሁሉ ስለ ርቀቱ፣ ስለ ጉምሩኩ፣ ስለ ሽፍታው ነበር የሚጠይቀን። ጨው ያለን እሳቸው ብቻ ናቸው።

ለካ ጋሼ በጎልማሳነታቸው የአሰብ መስመር ሾፌር ነበሩ። በኤንትሬ የጭነት መኪና። ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ ከዚያ ወደታች ወደ እሳቱ። ባሕር አጠገብ ያደረ ብረት ምን እንደሚሆን ያውቁታል። «ጨው እንደ ምስጥ ነው። ድምፅ የለውም፣ ውስጥ ውስጡን ይበላሻል» አሉኝ። የመኪናውን ሆድ አንድ ጥቁር ነገር ቀቡት። ምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ሌላም ብዙ ነገር ፈቱ፣ ገጠሙ፣ እሱንም አትጠይቁኝ። አልጋውን አናጺ ወዳጃቸው በወፍራም ጣውላ ሠራው። ሁለት ሰው ይተኛበታል።

ልንወጣ ሁለት ቀን ሲቀረን ቁልፉን አልሰጥም አሉ። መሬት ላይ ካርቶን አነጠፉና «ግቢ» አሉኝ። ከመኪናው ስር! በ58 ዓመቴ! ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁ። ክሪክ የት እንደሚገባ፣ ጎማ እንዴት እንደሚፈታ፣ ውሃና ዘይት የት እንደሚታይ ሁለት ሰዓት አሠለጠኑኝ። ጎማ ሦስት ጊዜ አስፈትተው አስገጠሙኝ። ሠራተኞቹ ሲስቁ አንድ ጊዜ ብቻ ገላመጧቸው፤ ጸጥ አሉ። በመጨረሻ አንድ ትልቅ የወተት ዱቄት ጣሳ አምጥተው ከወንበሬ ስር አስቀመጡ። «እስኪቸግርሽ አትክፈቺው» አሉ።

ደግሞ ሳልረሳው፦ አንድ ዕቃ ካሰቡት በታች ተገኝቶላቸው ኖሮ በማግስቱ በታክሲ አራት ኪሎ ቤታችን ድረስ መጥተው 1,400 ብር መለሱልን። መልስ! ከመካኒክ! ባለቤቴ ብሩን እንደያዘ በር ላይ ቆሞ ቀረ።

በታኅሣሥ 2017 መጀመሪያ ወጣን። ሐዋሳ፣ ዲላ፣ ያቤሎ፣ ሞያሌ፤ ወደ 770 ኪሎ ሜትር ነው፣ እያደርን ሄድን። ከሞያሌ በኋላ በግራ መንዳት ይጀመራል፣ የመጀመሪያውን ቀን አፌ ደርቆ ነው የዋልኩት። እስከ ኢሲዮሎ ያለው ወደ 500 ኪሎ ሜትር መንገድ ድሮ ሰው የሚማረርበት ነበር፤ አሁን አስፋልት ነው። ለመድን የኮሜሳውን ቢጫ ካርድ ከዚሁ ይዛችሁ ውጡ። ናይሮቢን ቶሎ አለፍናት።

ከዚያ ባሕሩ። ምን ልበላችሁ። ሞምባሳ ደሴት ናት፣ ወደ ደቡብ ለመሻገር ሊኮኒ ላይ መኪናው ራሱ ፌሪ ላይ ይሳፈራል። ባለቤቴ ፌሪው ላይ ወርዶ ጨው የሆነውን ነፋስ እየላሰ «ይኸው እንግዲህ» አለኝ። 35 ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት ንግግር ይኸው ነበር። ዲያኒ ላይ ሦስት ሳምንት ከረምን። ነጭ አሸዋ፣ ጥቁርና ነጭ ጉሬዛዎች፣ የእኛኑ የሚመስሉ፣ ማንኪያችንን የሰረቁ። ነቢያት ጾም ላይ ነበርንና ዓሣውን በዓይናችን በላነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እባካችሁ እዚህ አታንሱብኝ። ገናን ዶሮ ወጥ ሠርተን ጎረቤት ድንኳን ውስጥ ያሉ ጀርመኖችን አስለቀስናቸው። በበርበሬው ነው።

ከገና በኋላ ወደ ሰሜን፣ ወደ ማሊንዲ ሄድን። ምስጋናዬ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ጥር መግቢያ ላይ፣ ጠዋት፣ ባሕሩ ሸሽቶ ሜዳ ሆኖ አገኘነው። አሸዋው ጠንካራ ነው፣ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ጎትተው ያቆሙበት። እኔም ነድቼ ወረድኩና ውሃው ዳር አቆምኩ። በሬ ሆይ ማለት ይሄኔ ነበር። ለካ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ባሕሩ አብዝቶ ይሸሻል፣ አብዝቶም ይመለሳል። እዚያ አገር በእንዲህ ያለ ቀን ውሃው ከ3 ሜትር በላይ ከፍ ይላል።

አንድ ዓሣ አጥማጅ መጥቶ «ማጂ ያናኩጃ» አለን፣ ውሃው እየመጣ ነው። መቼ ስንለው «ሳ ኩሚ» አለ፣ አሥር ጣቱን ዘርግቶ። ባለቤቴ ሞያሌን ከተሻገርን ጀምሮ ሰዓቱን ወደ ፈረንጅ አዙሮ ነበርና «የማታ ነው፣ ገና ነው» ብሎ ተመልሶ ተኛ። እኔ ግን ዲያኒ ገበያ ላይ ተምሬያለሁ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት ልክ እንደ እኛ ነው! ጠዋት አንድ ብለው ይጀምራሉ። አሥር ሰዓት ማለት አሥር ሰዓት ነው፣ ከቀትር በኋላ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ውሃው ሃያ እርምጃ ላይ ነው። ቁልፉን አዞርኩ። ጥቅ። ደግሜ አዞርኩ። ጥቅ። ሌላ ድምፅ የለም። ባለቤቴ ተነሥቶ ስልክ ይሞክራል፣ ኔትወርክ የለም። እኔ እጄ እየተንቀጠቀጠ ጣሳውን ከወንበር ስር ሳብኩት።

ውስጡ ያለው ዕቃ ሁሉ አንድ በአንድ በጋዜጣ ተጠቅልሏል። እያንዳንዱ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፎበታል። «ቢሞቅ ይህን»። «ቢያፈስ ይህን»። «ማታ መብራት ቢጠፋ»። ከታች ደግሞ አንድ ትንሽ ጥቅል፣ ጽሁፉ ረዘም ያለ፦

«ባሕር ዳር ጥቅ ብሎ ዝም ካለ አትደንግጪ። የባትሪው ራስ ላይ ነጭ ነገር ታያለሽ። የባሕሩ ጨው ያባብሰዋል፣ ነግሬሻለሁ። መጀመሪያ በዚህ ቁልፍ ፍቺ። ሙቅ ውሃ አፍስሺበት። በዚህ ፈትጊው። አጥብቀሽ እሰሪ። ከዚያ በስመ አብ ብለሽ አዙሪ።»

ውስጡ አንድ ቁልፍና አንድ ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት ነበር። ሙቅ ውሃ ከየት ይምጣ? ጀበናዬ ምድጃ ላይ ነው፣ ውሃው ፈልቷል፣ ቡናው ገና አልገባም። እሱን አፈሰስኩበት። ነጩ ነገር እንደ አረፋ ወረደ። ፈተግኩ፣ አሰርኩ፣ በስመ አብ አልኩ።

ተነሣ።

ዓሣ አጥማጆቹ ስምንት ሆነው ገፉን። ወደ ላይ ወጥተን ዞር ስንል ቆመን የነበርንበት ቦታ ውሃ ነው። እኔ ወርጄ አሸዋው ላይ ተቀመጥኩና ተክለሃይማኖት ያሉትን ሽማግሌ ከማሊንዲ ሆኜ መረቅኳቸው። ጮክ ብዬ። ዓሣ አጥማጆቹ ሳቁብኝ።

አስቡት እስቲ። ሦስት ቦታ ገንዘቤን የበሉት ሰዎች አንድ ቃል ሊያስረዱኝ አልፈለጉም። እኚህ ሰው ግን እኔ የምደናገጥበትን ሰዓት አስቀድመው አስበው፣ ከእኔ ጋር በወረቀት አነጋገሩኝ። «አትደንግጪ» ብለው ጻፉልኝ! ይህን በስንት ብር ትገዙታላችሁ?

የካቲት ላይ በሰላም ገባን። ለጋሼ ኮኮናት ይዤላቸው ሄድኩ። አገላብጠው አዩት፣ በመዶሻ መቱት፣ እምቢ አለ። በመጨረሻ ሞርሳ ላይ አስረው በድሪል በሱትና ውሃውን ለሠራተኞቹ በቡና ስኒ አዳረሱ። ከዚያ ወዲያው ከመኪናው ስር ገቡ። «አጥበሽዋል» አሉ ከስር ሆነው። በየሳምንቱ በንጹህ ውሃ እጠቢው ብለውኝ ነበርና። በሕይወቴ ብዙ ምስክር ወረቀት ተቀብያለሁ፣ እንደዚያ ቀን ግን ኮርቼ አላውቅም።

ቦታው ይኸውላችሁ። ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ተክለሃይማኖት ስትሄዱ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ የውስጥ መንገድ አለ። ቆርቆሮ በር ነው፣ ከላዩ የድሮ ኤንትሬ መሪ ተሰቅሎበታል። ያጣችሁት ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ራሴ እወስዳችኋለሁ። ሴቶች በተለይ ሂዱ፣ ጥያቄያችሁን ለእናንተው ይመልሱላችኋል። እሁድና በየወሩ በ24 አይሠሩም። ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ብትደርሱ ጥሩ ነው፣ ከዚያ በኋላ ከመኪና ስር አይወጡም። ጎረቤቴን ነገ ይዣት እሄዳለሁ።