ሸዋ በር ላሉት ልብስ ሰፊ ጋሼ ምስጋና፣ የመድረክ ልብስ ለምታሰፉ ጥቆማ

የመድረክና የአልባሳት ዲዛይን የምትማሩ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ቴአትር የምትሠሩ፣ የኪነት ቡድን ያላችሁ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ።

የመመረቂያ ሥራዬ በኦፔራ መልክ የሚዘፈን አጭር ተውኔት ነው። የልብሱን ንድፍ ጨርሼ ልብስ ሰፊ ፍለጋ ደሴን ከጫፍ ጫፍ አዳረስኩ። አንዱ ወረቀቱን ገልጦ እንኳ ሳያይ «ልኩን ብቻ ስጪኝ» አለኝ። ሌላው የሠርግ ልብስ እንጂ እንዲህ ያለ ነገር አልሰፋም ብሎ መለሰኝ። በመጨረሻ ጎረቤታችን ሸዋ በር ወዳሉ አንድ አዛውንት ላከችኝ። አንዲት ሲንጀር ብቻ ነው ያለቻቸው።

ጋሼ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ዋጋ አይደለም። «የምትለብሰው ልጅ ትጨፍራለች ወይስ ትዘፍናለች?» አሉኝ። ትዘፍናለች ስላቸው «እንግዲያው ልጅቷን አምጪያት» አሉ።

በኦፔራ ዘፋኙ ማይክሮፎን አይዝም። ድምፁ ኦርኬስትራውን አልፎ የመጨረሻው ወንበር ድረስ መሰማት አለበት። ለዚህ ደግሞ ጎኑ እንደ ልብ መከፈት አለበት። እኔ ይህን ክፍል ውስጥ ነው የተማርኩት። ጋሼ ግን ልጅቷን አቁመው አንዴ እንዲሁ ለኳት፤ ቀጥለው «ትንፋሽሽን ሳቢና ያዢው» ብለው ሜትሩን እንደገና ጎኗ ላይ አዞሩት። የሰፉት በሁለተኛው ልክ ነው። ከብብቷ ሥርም ሌላ ቁራጭ ጨርቅ ጨመሩ፤ እጇን ስታነሳ ቀሚሱ አብሮ አይነሳም። በወጣትነታቸው ለኪነት ተወዛዋዦች ይሰፉ እንደነበር በኋላ ነገሩኝ። ትከሻ የሚመታ ሰው ልብስ ምን እንደሚፈልግ እጃቸው ያውቀዋል።

የመድረኩን ሞዴልም አሳይቻቸው ነበር። ልኬቱ 1 ለ 25 ነው፤ አንድ ሜትር 4 ሴንቲሜትር ይሆናል ማለት ነው። ደረጃዎቹን በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው «በዚህ ላይ እየዘፈነች ልትወርድ ነው?» አሉና የቀሚሱን ጫፍ ከፊት አሳጠሩት። እኔ ተጨንቄ ሳያቸው «አብሽሪ ልጄ፣ ከሩቅ አያስታውቅም» አሉኝ። እውነትም አያስታውቅም።

ነጩ ነጠላ በመድረክ መብራት ዓይን ስለሚወጋ ሻይ ቅጠል አፍልተን ነከርነው። ቶሎ የሚወልቀው ካባ ደግሞ ቁልፎቹ ለመታያ ብቻ ናቸው፤ ከሥር የሚዘጋው በቬልክሮ፣ ተጫን ሲሉት በሚጣበቀው ማያያዣ ነው። የጨርቅ ብጣሾችንም በነፃ ሰጡኝ፣ መብራት ሥር እንድሞክራቸው። ቀይ መብራት ላይ አረንጓዴው ጥቁር ሆኖ ስለታየኝ ሳይቆረጥ በፊት ቀየርኩት። ይህ ስንት ብር እንዳዳነልኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ወደ እሳቸው የምትሄዱ ከሆነ ንድፋችሁን፣ የታጠበ ጨርቃችሁንና ተዋናያችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ያልታጠበ ጨርቅ አይቆርጡም፤ ልክ ናቸው፣ በኋላ ይሰበሰባል። ልብሱ በኋላ ለሌላ ተዋናይም እንዲሆን ከፈለጋችሁ ውስጡ ላይ ሰፋ ያለ ትርፍ እንዲተዉላችሁ ንገሯቸው። ዋጋቸው ተማሪ የሚችለው ነው፣ ቀብድ ግን ይቀበላሉ። የኢድ ሰሞንና የዩኒፎርም ወቅት ፋታ ስለሌላቸው ቀደም በሉ። ፈጣን ሰፊ አይደሉም፤ ጥድፊያ ካለባችሁ አይሆኗችሁም።

አድራሻቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እልካለሁ። ጋሼ፣ አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።